የካይዘር የዘር ሐረግ

በእኛ አገር ሦስት ሰው ከተሰበሰበ አንዱ ሊቀመንበር፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። የሚቸግረው አባል ማግኘት ነው። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን አባል ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። በእድር አባል፣ በወላጅ ኮሚቴ አባል፣ በገዛ ቤቴም ድምፅ የመስጠት መብት የሌለኝ አባል። ታዲያ የሊቀመንበርነት ዕድል አንድ ቀን በውሻ በኩል ሲመጣልኝ፣ በምን በኩል መጣ ብዬ ልመርጥ ኖሯል?

አዳማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት፣ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲብስ ሱቋን ለሠራተኛዬ ትቼ ፊት ለፊት ካለው ጭማቂ ቤት እቀመጣለሁ። እዚያ የማይጠፉ ሁለት ወዳጆች አሉኝ። አንደኛው የወሎው ልጅ መሐመድ ነው፤ የጭነት መኪና አለው፣ መኪናው የሚያድርበትን ግቢ የሚጠብቅ ውሻም አለው። ሁለተኛው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ቶሎሳ ነው።

ነገሩን የጀመረው ዶክተሩ ነው። በሌላው ዓለም ብሔራዊ የውሻ ማኅበር የሚባል ነገር አለ አለን። ማኅበሩ የእያንዳንዱን ውሻ እናትና አባት፣ አያትና ቅድመ አያት መዝግቦ ይይዛል፤ ትርኢት ያዘጋጃል፤ ዳኛ ይሾማል፤ የትኛው ጆሮ በስንት መቆም እንዳለበት ይወስናል። መሐመድ ጭማቂውን አስቀምጦ፣ እኔ ራሴ ከአያቴ በላይ ያለውን አላውቅም አለ። እኔ ግን ልቤ ተነሣ። ለምን እኛስ አይኖረንም አልኩ።

በዚያው ወንበር ላይ ማኅበሩ ተመሠረተ። መጀመሪያ የአዳማ የውሻ ማኅበር ልንለው ነበር። ዶክተሩ የአሰላ ልጅ ስለሆነ አገር አቀፍ አልነው። መሐመድ ጭነት ይዞ ጅቡቲ እንደሚመላለስ አስታውሶ ዓለም አቀፍ ይባል ብሎ ነበር፤ ነገሩን እንዳናጋንነው ፈርተን ተውነው። ማኅተም ግን ወዲያው አስቀረጽን። መሀሉ ላይ የውሻ ራስ ይታያል። ያየው ሰው ሁሉ የፍየል አርቢዎች ናችሁ ወይ ይለናል።

ሊቀመንበር የሆንኩት በችሎታዬ አይደለም፤ በካይዘር ምክንያት ነው። ካይዘር ውሻዬ ነው። ከሞጆ አንድ ደላላ ነው ያመጣልኝ፤ አዲስ አበባ ፈረንጅ ግቢ ውስጥ የተወለደ፣ ንጹሕ የጀርመን ዘር ነው ብሎ ምሎልኛል። ጀርባው አመድማ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጆሮዎቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። በትክክል ለመናገር አንደኛው ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው እንደ ነፋሱ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ አይታዘዝም። በአማርኛ ተቀመጥ ብለው ዝም። በእንግሊዝኛ ሲት ብለው ዝም። ሌላ ሰው ቢሆን ውሻው ባለጌ ነው ይል ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ሌላ ምክንያት አገኘሁለት፤ የሚገባው ጀርመንኛ ብቻ ነው። ከስልኬ ጥቂት ቃላት ለቃቀምኩና ጠዋት ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ቆሜ “ካይዘር፣ ዚትስ” እለው ጀመር። ካይዘር አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ያየኛል። ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች፣ አነጋገርህ ደብሮት ይሆናል ትለኛለች። እሷ ውሻውን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም፤ ያጠበችው አንሶላ ላይ ይተኛባታል።

ማኅበራችን ሥራ አልሠራም እንዳትሉኝ። ዶክተር ቶሎሳ ከሚሠራበት ቢሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያመጣል፣ መሐመድ መኪናውን ያመጣል፣ እኔ ንግግሬን አመጣለሁ። ከቦታ ቦታ እየዞርን ባለውሾችን እንሰበስባለን። ዶክተሩ ሲወጋ እኔ ስለ ዘር ጥራት አስረዳለሁ። ሕዝቡ ለመርፌው ነው የሚመጣው፤ ንግግሩን እንደ ጎንዮሽ ጉዳት ይታገሠዋል።

ወለንጪቲ የሄድነው በገበያ ቀን ነው። ካይዘርን ይዤው ሄድኩ፤ ናሙና የሌለው ሊቀመንበር ምን ያደርጋል? ከፍየል ተራው አጠገብ አንድ ዛፍ ሥር መኪናውን አቆምን። ዶክተሩ መርፌውን ሲያዘጋጅ እኔ ከመኪናው ላይ ቆምኩ። ካይዘር ከጎኔ ነው። እናቱና አባቱ የሚታወቅ ውሻ ማለት እንዲህ ያለ ነው ብዬ በእጄ አሳየሁ።

ያን ጊዜ ከፍየሎቹ መሀል አንዲት ሴት ቀና አሉ። ነጠላቸውን አገልድመው፣ የሁለት ፍየል ገመድ በእጃቸው ይዘዋል። ስማቸው አዴ ጫልቱ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅነው። ትንሽ አዩና፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ ጠሩ።

“ዳለቻ፣ ኮቱ።”

ካይዘር ከመኪናው ላይ ዘለለ። ገመዱ እጄን ልጦት ሄደ። በሰው እግር መሀል ተሹለክልኮ ሴትዮዋ ጋ ሲደርስ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ እንደ ቡችላ እያለቀሰ እግራቸውን ላሰ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ጆሮውን፣ ያንን በነፋስ የሚሄደውን ጆሮ፣ አገላብጠው አዩ። ከዚያ “ታኢ” አሉት። ተቀመጠ።

ወራት ሙሉ በጀርመንኛ የለመንኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። በኦሮምኛ በአንድ ቃል ተቀመጠ።

ከመኪናው ወርጄ ተጠጋሁ። ክብሬን ለማዳን ያህል፣ “እናቴ፣ ተሳስተው ይሆናል። ይሄ ጀርመን ነው” አልኳቸው።

“ናጋ ጂርታ ልጄ” አሉኝ፤ ሰላምታ ሳልሰጥ መናገሬ ነው የታያቸው። ከዚያ ቀጠሉ። “እዚህ ከኋላ፣ ከጉሊቱ በስተጀርባ ነው የተወለደው። እናቱ የእኔ ውሻ ናት። መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ አንድ ባለመኪና ጭኖት ሄደ አሉኝ። ስንቱን ጠይቄአለሁ።”

ሊቀመንበር ነኝና የሙያ ጥያቄ ጠየቅኩ። “አባቱስ?”

“እሱን እናቱ ታውቃለች” አሉ።

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። መሐመድ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። ዶክተሩ መርፌውን ወደ ላይ ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔን ግን የከበደኝ ሳቁ አልነበረም። ካይዘርን አንድ ጊዜ በስሙ ጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝ። አተያዩ ክፉ አልነበረም፤ የሚያውቀውን፣ ግን ስሙ የጠፋበትን ሰው እንደሚያይ ሰው ነው ያየኝ።

ልከራከር እችል ነበር። አብልቼዋለሁ፣ አስከትቤዋለሁ፣ ደላላም ምሎልኛል። አዴ ጫልቱ ቀደሙኝ። “አወፍረኸዋል። በደንብ ነው የያዝከው፤ ተባረክ” አሉ። “እኔ ግን እሱ ከሄደ ወዲህ ቀበሮው ግልገል አላስቀርልኝ አለ። ሌላ ውሻ ሞከርኩ፤ ቀበሮ ሲያይ እኔ ጓዳ ነው የሚገባው።”

ተንበረከክሁና የአንገት ማሰሪያውን ፈታሁ። ዘለበቱ አልላላ ብሎኝ ቆየሁ፤ ጣቴ ነው እምቢ ያለው። ካይዘር እጄን ላሰኝ። ከዚያ ከፍየሎቹ ኋላ ኋላ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ፣ ሥራ እንደረፈደበት ሰው ሄደ።

ወደ አዳማ ስንመለስ መሐመድ ሬዲዮ አልከፈተም። ቤቴ ደርሼ በሩን በቀስታ ነው የከፈትኩት፤ ልማድ ነው፣ ዘሎ ሱሪዬን በጭቃ እንዳይነካው። ማንም አልዘለለብኝም። ሱሪዬ ንጹሕ ሆኖ ገባሁ። ባለቤቴ በሳህን አጥንት አስቀምጣ ጠበቀችን። የሆነውን ነገርኳት። ሳህኑን አንስታ ማጀት ገባችና ብዙ ቆየች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሥልጣኔን ለማስረከብ ተነሣሁ። ውሻ የሌለው ሰው የውሻ ማኅበር ሊመራ አይገባም አልኩ። ዶክተሩ ሊቀበለኝ ነበር መሰለኝ። መሐመድ ግን እጁን አወጣ። ልናዘጋጅ ላሰብነው የውሻ ትርኢት ዳኛ ያጣነው ሁሉም ለራሱ ውሻ ስለሚያዳላ ነው፤ ሊቀመንበራችን ግን አሁን የሚያዳላለት ውሻ የለውም አለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አሁን ሊቀመንበርም ዳኛም ነኝ።

ትርኢቱን ያደረግነው አንድ የኳስ ሜዳ ላይ ነው። ነፋሱ አቧራውን ያነሣል፣ ውሾቹ ይናከሳሉ፣ እኔ ማኅተሙ ያረፈበትን ወረቀት ደረቴ ላይ ለጥፌ ጆሮ እለካለሁ። ከወንጂ የመጡ አንድ አዛውንት፣ የስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ፣ ውሻቸውን አስመርምረው ሲጨርሱ የእርስዎስ ውሻ የት አለ ብለው ጠየቁኝ። ታሪኩን ከመጀመሪያው መተረክ ሰለቸኝና ወለንጪቲ ሥራ አግኝቶ ሄደ አልኳቸው።

አዛውንቱ ውሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙና በረጅሙ ተነፈሱ። “ታድለዋል” አሉኝ። “የእኔ ልጅ ዲግሪውን ይዞ እስካሁን ቤት ነው።”