የዶክተር መርዕድ ስድሳ ዘጠኝ ጥርጣሬዎች

በሰው አገር ሦስት ሐበሻ ከተሰበሰበ አንዱ ተጠራጣሪ መሆኑ አይቀርም። ካምፓላ ላይ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ መምህር፣ ክቡር ዶክተር መርዕድ ናቸው። ሮሌክስ፣ ያን የካምፓላ እንቁላል በቻፓቲ ጥቅል፣ ሲገዙ እንቁላሉ ዓይናቸው እያየ ካልተሰበረ አይበሉም። ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ፍሬኑን ራሳቸው ጨብጠው ይሞክራሉ፤ ሹፌሩ ይስቃል፣ እሳቸው አይስቁም። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" ይላሉ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጠው።

ቤርሳቤህ፣ ዕድሏ ሆኖ፣ የእኚህ ሰው የዶክትሬት ተማሪ ናት። የምታጠናው ጨዋ ማትሪክሶችን፣ ማለትም ጨዋ የቁጥር ሰንጠረዦችን ነው፤ ቁጥሮቻቸው ብቻ ሳይሆኑ ከውስጣቸው ረድፍና ዓምድ ተመርጦ የሚወጣው ትንሽ ዲተርሚናንት ሁሉ ከዜሮ የማያንስ። የመጀመሪያ ቀን ዶክተሩ ሰሌዳው ላይ ከላይ አንድና ሁለት፣ ከታች ሦስትና አራት ጻፉ።

"አራቱም ፖዘቲቭ ናቸው። ታምኛቸዋለሽ?"

"አዎ፣ ዶክተር።"

"ዲተርሚናንቱን አውጪ፤ አንድ ጊዜ አራት፣ ሲቀነስ ሁለት ጊዜ ሦስት። ስንት መጣ?"

"ኔጌቲቭ ሁለት።"

"አየሽ! ፊት አይታመንም።"

የጥናቷ ዋና ምሳሌ አራት በአራት ማትሪክስ ነው፤ እንዲህ ያሉ ዲተርሚናንቶች ስድሳ ዘጠኝ አሉት። ቤርሳቤህ አንድ በአንድ ከመልቀም ይልቅ እያንዳንዱን ረድፍ በቅርብ ጎረቤቱ ብቻ እያቃለለች፣ ከዲያጎናሉና ከአጠገቡ በቀር ዜሮ ብቻ ወደሆኑ ፋክተሮች በተነችው። በፋክተሮቹ ውስጥ ኔጌቲቭ ከሌለ ብዜታቸውም ንጹሕ ነው፤ የታወቀ ቲዎረም ነው።

"ቲዎረሙን አምናለሁ፤ ያንቺን እጅ ግን አላምንም" አሏት። ሦስት ጊዜ አሠሯት። በሦስተኛው ሙቱንጎ ሰፈር ካለው ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ከልቧ ጠላቻቸው።

ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ከውጭ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስሌታቸውን ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ "ይህ ዲተርሚናንት ኔጌቲቭ ወጥቶብኛል፤ እንዲያ ከሆነ ምዕራፉ በሙሉ ይወድቃል" አሉ። ቤርሳቤህ ገጾቿን መልሳ ማገላበጥ ጀመረች። የአራት ዓመት ልፋቷ ውኃ ሊበላው ነው።

ያን ጊዜ ዶክተር መርዕድ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ስድሳ ዘጠኙም በእርሳስ ተሠርተው፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ተመሳክረዋል።

"አርባ አንደኛውን ይመልከቱ። የመቀነስ ምልክቷ የት ላይ እንደገባችብዎት ያገኟታል።"

ፈታኙ አዩ፣ ደግመው አዩ፣ ይቅርታ ጠየቁ።

"እስከ ዛሬ አላመኑኝም ነበር ማለት ነው?" አለቻቸው ከአዳራሹ እንደወጡ፣ እየሳቀችም እንባዋን እየጠረገችም።

"ምን ብዬ አምንሻለሁ? አምኜሽ ቢሆን ዛሬ ምን ይዤ እቆምልሽ ነበር?"

በማግስቱ ሁለት ሮሌክስ ይዛ ቢሯቸው ሄደች። "እንቁላሉ ዓይኔ እያየ ነው የተሰበረው" አለቻቸው። ዶክተር መርዕድ ሮሌክሱን አገላብጠው አዩት፣ እሷንም አዩዋት። ከዚያ ምንም ሳይጠይቁ ጎረሱ።