በደንገል የተጠቀለለ ሙቀት

ስለ ቤት ማሞቂያ ላወጋችሁ ነው። የባሕር ዳር ሰው ከሆናችሁ ከወዲሁ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም፤ አልፈርድባችሁም። በሚያዝያ ቀትር ከዘንባባ ሥር ተቀምጦ ደረቱን በጋዜጣ የሚያራግብ ሰው ፊት ቆሞ «ቤትህን ላሙቅልህ» ማለት፣ ሌላው ቢቀር ነውር ነው። ግን በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ውጭ የሚላክ ወጣት የሚማረውን ራሱ አይመርጥም ነበር። አንዱ ስለ መርከብ ተምሮ ይመጣና ደጋ ላይ ይመደባል፤ ሌላው በወይን ጠጅ አጠማመቅ ተመርቆ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይገባል። ተመዳቢው ይገረማል፣ መዳቢው ይፈርማል፣ ኑሮ ይቀጥላል።

የእኛው አስናቀ በረዶ እስከ መስኮት በሚከመርበት አገር ስድስት ዓመት ተቀምጦ የተማረው አንድ ነገር ነው፦ ውኃን አንድ ቦታ አፍልቶ፣ በቱቦ እየነዱ፣ የከተማን ቤት ሁሉ ማሞቅ። ይህን ዕውቀት ይዞ ባሕር ዳር መጣ። የተመደበው እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ በምሠራበት የዘይት ፋብሪካ፣ በቦይለር ክፍል ነበር። ረጅምና ዝምተኛ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሠራተኛው «ጓድ ካፖርት» የሚል ስም አወጣለት። ካፖርት ለብሶ ያየው ሰው ግን አልነበረም። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

ፋብሪካችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ቦይለሩ የሚነደው በጥጥ ፍሬ ገለባ ነው፤ ፍሬው ተጨምቆ ዘይት ሲሆን ገለባው ወደ እሳት ይገባል። እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ሲበርድ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ያ ውኃ ንጹሕና ትኩስ እንደሆነ በቦይ ወርዶ ጣና ይገባ ነበር። ሐይቁ ሙቅ ውኃ አምጡልኝ ያለ ይመስል! ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አራት ረድፍ የሠራተኞች መኖሪያ አለ። ከሸዋም፣ ከወሎም፣ ከትግራይም እንጀራ ፍለጋ የመጣነው ሁሉ የምንኖረው እዚያ ነው። ላምባ በቀበሌ ራሽን ነበር። ማገዶ ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ በኩል በጀልባ ሲመጣ ተጋፍቶ መሻማት ነው፤ ጀልባው የቀረ ሰሞን ከእራትና ከሙቅ ውኃ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል። መቼም እራት ይመረጣል። ስለዚህ ሴቶቹ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ ልብሳቸውን ከቦዩ ዳር ማጠብ ጀመሩ። አስተዳደሩ ያውቃል፤ እንዳላወቀ ይሆናል።

ወይዘሮ ይመኙሻል የሚባሉ ጎረቤት ነበሩኝ። ባላቸው የፋብሪካው ዘበኛ፣ እሳቸው የአምስት ልጆች እናት፣ አንደበታቸው ማንንም የማይፈራ። አንድ ጠዋት ቦዩ ዳር ጎንበስ ብለው አንሶላ ሲያሹ ቦይለር ክፍሉ ሳያስጠነቅቅ የፈላ ውኃ ለቀቀ። ጩኸታቸውን ዕቃ ቤት ሆኜ ሰማሁት። ስደርስ አስናቀ ከጭቃው አንሥቶ አቅፏቸዋል። ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በታች ቆዳው ተገሽልጦ ነበር። ሐኪም ቤት እስክንደርስ «አንሶላዬን፣ አንሶላዬን» ይሉ ነበር። አንሶላው ጣና ገብቶ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ውሳኔው ቦዩ በቆርቆሮ ይታጠር የሚል ሊሆን ሲል አስናቀ እጁን አወጣ። ስብሰባ ላይ ሲናገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

«ውኃውን ከሰዎቹ ከምናጥር፣ ለሰዎቹ ብናደርሰውስ?»

«በምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በቱቦ። የተማርሁት እኮ ይህንኑ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። የፋብሪካው ካድሬ ግን አልሳቀም፤ ሐሳቡ ለሰፊው ሕዝብ የሚጠቅም ከሆነ መጠናት እንዳለበት ተናገረ። ይጠና ተባለ። ይጠና የተባለ ነገር የት እንደሚደርስ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አስናቀ ግን የምሩን ኖሯል። በሳምንቱ ትልቅ ወረቀት ጠቅልሎ መጣና እኔን አስከትሎ ወይዘሮ ይመኙሻልን ሊጠይቅ ሄደ። እግራቸው ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘርግቶ አስረዳቸው፤ ቱቦው እንዲህ ይመጣል፣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የብረት ማሞቂያ ይሰቀላል፣ ቤቱ ይሞቃል።

ወይዘሮ ይመኙሻል ሲሰሙ ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ቤቴን የምታሞቅብኝ ምን በድዬህ ነው?» አሉት።

«እንዴት?»

«በዚህ ቆርቆሮ ሥር በግንቦት እንዴት እንደምንነድድ ገብተህ እደር። የቸገረኝ ልብስ የማጥብበት፣ ልጆቼን ገላቸውን የማጥብበት ነው። በየረድፉ ጫፍ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ገንዳ፣ ነፋስ የሚከልል አንድ ግድግዳ። ሌላውን ለዚያ ለበረዷማው አገርህ ተውለት።»

አስናቀ ፊቱ ቀላ። ስድስት ዓመት የተማሩትን ነገር ሌላ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲያርመው መስማት ቀላል አይደለም። ከዚያ እርሳሱን ከኪሱ አወጣና ማሞቂያዎቹን አንድ በአንድ ሰረዘ። «ገንዳው ከፍታው ምን ያህል ይሁን?» ብሎ ጠየቃቸው። እኔ ልጁን ያከበርሁት ያን ዕለት ነው።

አሁን የሚፈለገው ቱቦ ነው። ቱቦው ደግሞ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ከአብዮቱ በፊት ለማስፋፊያ ተብሎ የመጣ፣ ማስፋፊያው የቀረ፣ ሣር የበቀለበት የብረት ቱቦ ተከምሯል። ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ካልመጣ አንዱንም ማውጣት አይቻልም። ፈቃድ ጠየቅን። ዝም። ደግመን ጠየቅን። ዝም። ክረምቱ ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ «ታገሡ» ይላል፤ አስናቀ እየመጣ ዕቃ ቤቴ ደጃፍ ይቀመጣል። አንድም ቀን ክፈትልኝ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይሻል ነበር።

በዚያ ዘመን የመንግሥትን ዕቃ ያለ ወረቀት ማውጣት ምን እንደሚባል ታስታውሱ ይሆናል፦ አሻጥር። ቃሏ ትንሽ ናት፤ እስር ቤት ያስገባችው ሰው ግን ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ጀግና አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ቁልፍ ይዤ ስኖር አንዲት ብሎን ጎድላብኝ አታውቅም፤ በዚህም እኮራለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ግን ወይዘሮ ይመኙሻልን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጭራሮ ተሸክመው ያንን እግር እየጎተቱ ይሄዳሉ። ልሸከምልዎ ብላቸው፣ «ተወው፣ እሱ ቀላል ነው፤ የከበደኝ እግሬ ነው» አሉኝ። ነገራቸው ወቀሳ አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ግምጃ ቤቱን ከፈትሁና አስናቀን አስጠራሁት።

«ውሰድ» አልሁት።

«ፈቃዱ መጣ?»

«ውሰድ አልሁህ እኮ።»

አየኝ። ገባው። «ጋሽ ዓለሙ፣ ሲጠየቁ እኔ ነኝ በሉ» አለ። ለባለቤቴ ማታ ስነግራት፣ «ቢያንስ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእኛ ረድፍ ይሁን» አለች።

ቱቦው ተዘረጋ፤ ሠራተኛው እሑድ እሑድ በነፃ ሠራ። የቸገረው ሙቀቱን መያዣ ነበር። እዚያ በበረዶው አገር ቱቦውን የሚያለብሱት ከፋብሪካ የወጣ ልዩ ጥጥ ነገር አለ፤ እኛ ዘንድ የለም። ጥጥ ራሱ ለአልጋ አልበቃም። ይኼኔ ነው አያ ዳምጤ የመጡት። ከሐይቁ ዳር ታንኳ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አስናቀ ደንገል፣ ያ የታንኳው ሸምበቆ፣ ቱቦ ላይ ይታሰራል ወይ ብሎ ጠይቋቸው ነው።

«ይታሰራል» አሉ። «ግን መሬት ውስጥ ልትቀብረው ከሆነ ተወው። ደንገል ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። እኛም ታንኳውን አውጥተን ፀሐይ እናስመታዋለን። ቱቦህን ከመሬት አንሣው።»

የአስናቀ ወረቀት ላይ ቱቦው ከመሬት በታች ነበር። ዳግመኛ እርሳሱን አወጣ። ቱቦው በድንጋይ እግር ላይ ቆመ፤ አያ ዳምጤ ከነልጆቻቸው ደረቅ ደንገል እንደ ታንኳ እያጠበቁ አለበሱት፤ ሴቶቹ በጭድ የተቦካ ጭቃ መረጉት፤ ከላይ ለዝናቡ ቆርቆሮ ደፋንበት። ከሩቅ ሲታይ የተኛ ዘንዶ ይመስላል። ካድሬው «የታገለ ሕዝብ ውጤት» ብሎ በቀይ ቀለም ሊጽፍበት ነበር፤ ጭቃው ቀለም አልቀበል አለው።

የተከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ካድሬው ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ ሳያልቅ አስናቀ ቧንቧውን ከፈተ። መጀመሪያ አየር ወጣ። ቀጥሎ ዝገት ያለበት ቀዝቃዛ ውኃ መጣ፣ ቆየ፣ ቆየ። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። «ጓድ ካፖርት» ያለ ሰውም ሰማሁ። አስናቀ ዓይኑን ከቧንቧው አልነቀለም። ውኃው ጠራ። ቀጥሎ ስስ እንፋሎት ታየ።

ማንም አልቀረበም። ወይዘሮ ይመኙሻል እያነከሱ መጡ። እጃቸውን ዘረጉና መለሱት። ያ ውኃ ምን እንዳደረጋቸው ሁላችንም እናውቃለን። እንደገና ዘረጉ። ከውኃው ሥር አቆዩት።

«ሙቅ ነው» አሉ። እልልታው ከኋላ ተነሣ። አስናቀ ፊቱን ወደ ቱቦው አዙሮ ለረጅም ጊዜ አንድ ብሎን ሲያጠብቅ ነበር፤ ብሎኑ የጠበቀ መሆኑን እኔ አይቻለሁ።

ማገዶ ጨርሶ ቀረ አልላችሁም፤ ወጥ በቧንቧ አይሠራም። ግን ሁለት ቀን ይበቃ የነበረው ሸክም ሳምንት ይዘልቅ ጀመር።

የዋናው መሥሪያ ቤት ንብረት ተቆጣጣሪ የመጣው ክረምቱ ሳይወጣ ነው፤ የጎንደሩን ቆጠራ ጨርሶ በአውቶቡስ፣ ሐሙሲት ላይ ጭቃ ይዞት አድሮ። መነጽራም፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ቆሞ ባዶውን መሬት አየ።

«ቱቦዎቹስ?»

«አሉ» አልሁ።

«የት?»

ይዤው ሄድሁ። ሥራ አስኪያጁና አስናቀ ተከተሉን። ሴቶቹ ሲያጥቡ ደረስን።

«በማን ፈቃድ ወጣ?»

«በእኔ» አልሁ። «አይደለም፣ በእኔ ነው» አለ አስናቀ። ሥራ አስኪያጁ ደመናውን ይመለከት ነበር።

«ቁልፉ አንድ ነው፤ ሁለት ሰው አይከፍተውም» አለ ተቆጣጣሪው።

«ቁልፉ የእኔ ነው» አልሁ።

ወይዘሮ ይመኙሻል ብድግ አሉ። «ጌታዬ… ማለቴ ጓድ፣ ሊነቅሉብን ነው?»

ሰውየው ወደ ቧንቧው ቀረበ። የሁለት ቀን ጭቃ ያለበትን እጁን ከውኃው ሥር አደረገ፤ ካሰብነው በላይ አቆየው። «እኔ የመጣሁት ዕቃ ልቆጥር ነው» አለ፤ «ልነቅል አልታዘዝኩም።»

ደብዳቤው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ያለ ፈቃድ ንብረት በማውጣቴ ከግምጃ ቤት ኃላፊነት ተነሥቼ፣ ለቅጣት በቦይለር ክፍል የሙቅ ውኃ ቫልቭ ከፋች ሆኜ እንድሠራ ይላል። ስለ እስር ምንም የለም። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔም ቁልፎቼን አንድ በአንድ ቆጥሬ አስረከብሁ። አስናቀ አለቃዬ ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ እስኪዛወር ድረስ አንድም ቀን አላዘዘኝም፤ «ጋሽ ዓለሙ፣ ቢከፍቱት ምን ይመስልዎታል?» ይለኝ ነበር።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ቫልቩን እከፍታለሁ። ዕቃ ቤት ሳለሁ ከሩቅ አንገታቸውን ደፋ አድርገው የሚያልፉኝ ሴቶች፣ አምስት ደቂቃ ከዘገየሁ ባልዲ ይዘው በር ላይ ይመጣሉ። «ዓለሙ፣ ውኃህን አሞታል እንዴ?» ይሉኛል። ልጅ ሲወለድ ይነግሩኛል፣ ሰው ሲታመም ቀድሜ እሰማለሁ፣ ክርስትና ያለ እኔ አይደገስም።

ቅጣቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም። እኔም እስከ ጡረታዬ አልጠየቅሁም።