ዜና ሽባባው፣ የዝምድናን ምዕራፍ ድል ነሥተው እህታቸውን ስለ ዳሩ

በዘመነ ማርቆስ፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኃያሉ ሽባባው ወልደ ይኸነው፣ የላይኛው አልጋ ባላባት፣ የካፌ ሰልፍ ታጋሽ፣ በቆሰበር ከተማ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆነው በተቀመጡ ጊዜ፣ የማኅበራዊና የባህል አንትሮፖሎጂ መግቢያ የሚባል ሞጁል ተነሣባቸው።

ይህም ሞጁል እጅግ ብርቱ ነበረ። ባህል ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳይጨርስም ሌላው ሊቅ ግን እንዲህ አይልም ይላል። ሽባባው በዘመቱበት ቁጥር እንቅልፍ የተባለ ጠላት ከኋላ ከቦ ይማርካቸው ነበረ። ስለዚህ ሠራዊታቸውን አሰለፉ፤ በቀኝ የገብስ ቆሎ፣ በግራ ቢጫ ማድመቂያ ብዕር፣ በፊት የሻይ ፔርሙዝ፣ በኋላም የዳንግላው ነጋዴ ልጅ ዳውድ፣ የመኝታ ክፍል ባልንጀራቸው፣ ራሳቸው ባዘነበለ ጊዜ በትራስ ይመታቸው ዘንድ የተሾመ። ኔትወርክም በዚያ ቀን ከከተማው ሸሽቶ ነበርና ስልካቸው ሊያስታቸው አልቻለም። እንዲህም ሆኖ «ዝምድናና ጋብቻ» የተባለውን ምዕራፍ ከራስጌው እስከ ግርጌው ያዙት። ከአልጋቸውም ላይ ሆነው ዐወጁ፦

«ስማ ዳውድ! በዘር ሐረግ ሥዕል ወንድ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሴት ክብ ናት፤ ይህን ያላወቀ ዘመዱን አያውቅም!»

ዳውድም «እሺ፤ ቆሎውን አቀብለኝ» አለ።

ወእምዝ፣ በወርኃ ጥር፣ ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው የአባታቸው ቤት ጥሪ መጣ። እህታቸው ስሜነሽ የጥሊሊውን መልካሙን ልታገባ ነበረ፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ሲሠሩ ተዋደው፣ ቤተ ዘመድ እስኪሰማ በትዕግሥት የቆዩ ናቸው። ሽባባውም ዳውድን አስከትለው፣ በሦስት እግር ሠረገላ በባጃጅ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ።

ሽማግሎችም ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው ሰባት ቤት መቁጠር ጀመሩ፤ ከሰባት ትውልድ ወዲህ የተዛመደ አይጋባምና። አንደኛው አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ፤ አምስተኛው ላይ በደረሱ ጊዜ የሙሽራይቱ ወገን «ገበየሁ» አለ። የሙሽራውም ወገን «ገበየሁ» አለ። የጥሊሊዎቹ ሽማግሎች ከገበየሁ በላይ ያለውን አያውቁትም ነበረ። የሽባባው አባት አቶ ይኸነውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንዲህ ብለው ዐወጁ፦

«ገበየሁ አንድ ከሆነ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው። ከእንግዲህ ነገሩ ፈርሷል፤ በሰላም ግቡ።»

ስሜነሽ ከጓዳ ሆና ሰማች። አላለቀሰችም፤ የያዘችውን ሰፌድ መሬት አስቀምጣ ባዶ እጇን ታይ ጀመር። መልካሙም ጫማውን ሊያስር እንደ ጎነበሰ፣ ቀና ሳይል ቀረ።

ሽባባው በሽማግሌ ፊት ተናግረው አያውቁም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የእህታቸውን እጅ አይተው ከምድጃው ከሰል አነሡ፤ እናታቸው ወይዘሮ ምህረቴ ለክብረ በዓሉ በኖራ ባስቀቡት ግድግዳ ላይም ሦስት ማዕዘን ሣሉ።

«አንተ! ትናንት የተቀባ ግድግዳ! እጅህን ያድርቀው!» አሉ ወይዘሮ ምህረቴ።

ሽባባው ይህን ዐዋጅ እንዳልሰሙ ሆነው ሣሉ። አቶ ይኸነውም «ቆይ፣ አባቴን ምነው ድንኳን አደረግሃቸው?» ብለው ተቆጡ። ትውልድ በትውልድ ላይ እየወጣ ሁለቱ ገበየሁዎች ጣሪያው ሥር ደረሱ። ሽባባውም ዐወጁ፦

«ሰው ያለው አባት ብቻ አይደለም! የገበየሁ ወንድሞች እነማን ነበሩ? ይነገር!»

«የኛ ገበየሁማ» አሉ አቶ ይኸነው ኮራ ብለው፣ «ይህን መሬት ከአምስት ወንድሞቹ ጋር ነው የተካፈለ። ይህን የማያውቅ አለ?»

ሽባባው ሣሉ፤ ቦታ አልበቃ ብሎ የመጨረሻው ወንድም ከበሩ ጀርባ ወደቀ።

የጥሊሊዎቹ ሽማግሎች ግን ይህንንም አያውቁም ነበረ። በዚያን ጊዜ የመልካሙ አባት አክስት፣ ጆሯቸው የደከመ እማሆይ እህተማርያም፣ ሰው ሁሉ ግድግዳ ለምን እንደሚያይ ጠየቁ። በአውንጊ ቋንቋ፣ በጩኸት፣ ተነገራቸው። እማሆይም ሳቁ።

«ወንድም? ከየት አምጥቶ! የኛ ገበየሁ ለእናቱም ለአባቱም አንድ ነበረ። የሚያግዘው ወንድም ቢያጣ ከአማቾቹ ጋር ነው ሲያርስ የኖረ። አያቴ ስታዝንለት ነው የሞተች።»

አቶ ይኸነው ወደ ግድግዳው ቀረቡ። በወንድሞቹ የታጀበውን ድንኳን አዩ፤ ብቻውን የቆመውንም አዩ።

«እንግዲያ ሁለት ናቸዋ» አሉ ቀስ ብለው።

ከገበየሁ በላይ የቀሩትንም እማሆይ ቆጠሩላቸው፤ አንዱም ከአንዱ አልገጠመም። ሽማግሎቹም ተነሥተው መረቁ፤ እልልታውም ከደጅ ያሉትን ፈረሶች አስደነበረ። ሽባባው በድል ሰክረው የአጎትና የአክስት ልጆችን ልዩነት ሊያስተምሩ ጀምረው ነበር፤ ዳውድ ጃኬታቸውን ስቦ አስቀመጣቸው።

በዚህ መካከል ስሜነሽ ከጓዳ ወጣች። ከግድግዳው ግርጌ የእርሷ ክብና የመልካሙ ሦስት ማዕዘን ለየብቻ ቆመው ነበር። ከሰሉን ከወንድሟ እጅ ወሰደች።

«ጋብቻ በምን ይሣላል?»

«በሁለት መስመር» አሉ ሽባባው፤ «እኩል ይሆናል እንደሚባለው ምልክት።»

እርሷም በሽማግሎቹ ሁሉ ፊት በርከክ ብላ፣ ከሰሉ እስኪሰበር ተጭና፣ ሁለቱን መስመሮች ከራሷ እስከ መልካሙ አደረሰቻቸው።

ሽባባው ሆይ፣ ክብርህ ከዘንገና ውኃ ይልቅ የጠለቀ ነው! ሌሎች አገር ያቀናሉ፤ አንተ ግን በአንደኛ ዓመት ተማሪ ዘንድ ያልተሰማውን አደረግህ፤ አንድ ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አነበብህ። ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ ስምህ ይጠራ፤ ገና ያልገለጥኻቸው ምዕራፎችም ሁሉ በፈተናው ሳምንት በፊትህ ይንቀጥቀጡ።