ክቡር አቶ ይቆይ እና ታጣፊው አልጋ

በየትኛውም ድርጅት ውስጥ፣ ሌላው ሰው ሥራውን እንዳይሠራ ደሞዝ የሚከፈለው አንድ ሰው አለ። ቢሮው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ በሩ ላይ «የሕግ አገልግሎት ኃላፊ» ተብሎ ተጽፏል። አገልግሎቱን አገኘሁ የሚል ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም።

የሕፃናት ዕቃ በሚያመርተው በዚህኛው ድርጅት እኚህ ሰው ክቡር አቶ ይቆይ ይባላሉ። ማዕረጉንም ስሙንም ያወጣችላቸው የሽያጭ ኃላፊዋ ናት። እሷ ስልክ እያወራች፣ ሻይ እየጠጣች፣ ደረጃ የምትወጣ ሴት ናት። እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው እስኪጨርሱ ገበያ ተከፍቶ ይዘጋል። ምን ይዛላቸው ብትሄድ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እስቲ ይቆይ፣ ልየው።»

መቼም እግዜር ትዕግሥቷን ሊፈትን ካልሆነ በቀር እኚህን ሰው እሷ ካለችበት ፎቅ አያስቀምጣቸውም ነበር። ደህና አደሩ ስትላቸው «በአጠቃላይ ሲታይ» ይላሉ። ውጭ ዝናብ አለ ወይ ስትላቸው «በመርህ ደረጃ አዎ።» አንድ ጊዜ ስንት ቀን አምጣ የወለደችውን ማስታወቂያ ወሰደችላቸው። «ልጅዎ በሰላም ያድራል» ይል ነበር። ተመልሶ ሲመጣ «ሌሎች ሁኔታዎች እንደተጠበቁ ሆነው፣ ልጅዎ በሰላም ሊያድር ይችላል» ሆኗል። ይህን አንብቦ አልጋ የሚገዛ ወላጅ ካለ ልጁን አይወደውም ማለት ነው።

የገንዘብ ያዧ ልደት ቀን ደግሞ ኬኩ ላይ «መቶ ዓመት ኑሪ» ተብሎ ተጽፎ መጣ። ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው አነበቡና፣ በድርጅቱ ስም እንዲህ ያለ ቃል የገባው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ግን መልስ እየጠበቁ ነበር።

ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ያልቻለችው የታጣፊውን አልጋ ነገር ነው።

አንድ ትልቅ የሱቆች ድርጅት አልጋውን በብዛት ሊወስድ ተስማማ። እዚህ ለመድረስ ያልደወለችለት፣ ደጅ ያልጠናችው ሰው የለም። ይሄ ነገር ከተበላሸ ሌላ ወንበር እንድትፈልግ ሥራ አስኪያጁ በግልጽ ነግሯታል። የቀረው፣ አልጋው የደህንነት ፍተሻ ማለፉን የሚያረጋግጥ መግለጫ ፈርሞ መስጠት ብቻ ነው። የፍተሻው ምስክር ወረቀት እንደሆነ አለ። ሁሉንም ሰብስባ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አይቶ ይፈርማል። ክቡርነታቸው ከነከረባታቸው ወደ ማምረቻው ወረዱ። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብለው አልጋውን ሲያጥፉ፣ ሲዘረጉ፣ ሲያጥፉ፣ ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሲመለሱ እጃቸው ግራሶ ነክቶ ነበር። የተፈተሸው አልጋ ማጠፊያው ብረት ነው፣ የዛሬው ግን ፕላስቲክ ነው አሉ። ነገሩ እውነት ነበር። ብረቱ ከገበያ ሲጠፋ የግዥ ክፍሉ በፕላስቲክ ተካው፤ የአልጋውን መለያ ቁጥር ግን የነካው የለም። ቁጥሩ ያው ስለሆነ አልጋውም ያው ነው ብሎ ቤቱ በሙሉ አምኖ ተቀምጧል። እንደገና ይፈተሽ፣ እስከዚያው ይቆይ አሉ።

ደሟ ፈላ። በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ከሰሰቻቸው። እሱም አስጠርቷቸው፣ የሌላ ድርጅት ነገረፈጅ መውጫ ሲፈልግ የእኛው ግድግዳ ይፈልጋል ብሎ አላገጠባቸው። እሳቸው ግን አልፈርምም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ያን ጊዜ ፈገግ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። መግለጫው ላይ የግድ የሕግ ሰው መፈረም የለበትም፤ የክፍል ኃላፊ ከፈረመ ይበቃል አላት። አምኖኛል ብላ ልቧ በደስታ ተሞላ። ሳይጨርስ እሺ አለችው።

ቢሮዋ ገብታ ብዕሯን እንደከፈተች ክቡርነታቸው ሳያንኳኩ ገቡ።

«አትፈርሚ» አሏት።

ቀጥሎ የሚመጣውን «ሆኖም ግን» ጠበቀች። አልመጣም።

«የአንድ ሕፃን እጅ እዚያ ማጠፊያ ውስጥ ቢቀር ፍርድ ቤት እንሄዳለን። እዚያ ቆሜ ድርጅቱን የምከላከለው እኔ ነኝ፤ የተቀጠርኩት ለዚያ ነው። ድርጅቱ አላዘዘም፣ በራሷ ፈቃድ የፈረመችው እሷ ናት እላለሁ። አሳምሬ ነው የምለው። ላንቺ የሚቆም ሰው አይኖርም፣ ልጄ።»

የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ይባስ ብሎ፣ ይህን ሁሉ ስትሯሯጥ ስለ ሕፃኑ እጅ አንድ ጊዜ እንኳ አስባ አታውቅም። አፈረች። ብዕሯን ከደነች።

እሳቸውም ጨረስኩ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ድንገት አንድ ነገር መጣባት፤

«ለእኔ ይህን እንደነገሩኝ ሥራ አስኪያጁ ቢሰማስ? ቢያባርርዎ ለእርስዎ ማን ይቆማል?»

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት።

«እሱን አላየሁትም» አሉ።

የስንቱ ሰው አደጋ ቀድሞ ሲታያቸው የኖሩት ሰውዬ የገዛ ራሳቸውን ረስተውታል! ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ሆዷ ባባ። ስንት ዓመት ስታማቸው እንደኖረች ታውቃለች፤ ነገም እንደማትተው ታውቃለች። ግን በዚህ ሰው ላይ ማንም እጁን ቢያነሳ አትችለውም።

ያልፈረመችውን ወረቀት አንስታ ተነሳች። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አብረን እንግባ፣ የምናገረው እኔ ነኝ፣ እርስዎ ዝም ብለው ከጎኔ ይቁሙ አለቻቸው።

ክቡርነታቸው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ተስማሙ።