ጾም የሚያስገድፍ ውሃ

ስለ ውሃ የሚያወራ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ይጠጣል፣ ሌላው ይሸከማል። የሚጠጣው ስለ ጣዕሙ ያወራል። የሚሸከመው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትሸከመው፣ ስለ ዳገቱ ነው የምታወራው፤ እሱንም የሚሰማት ካገኘች። እኔ ገበሬ ነኝ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ነው ወደ ሞፈሬ የተመለስኩት፤ ወሬም አላበዛም። ስለ ውሃ ግን አንድ የማወራው አለኝና ታገሱኝ።

ነገሩ የሆነው በጥልያን ጊዜ፣ ጎንደር ከተማ ነው። ጥልያን ለራሱ ሰዎች ብሎ ቧንቧ ዘረጋ፤ ከእነሱ የተረፈው በአንድ ጥግ ለሕዝቡ ይወርድ ጀመር። ውሃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ጠባዩ ግን ደረቅ ነው። ሳሙና አያረፋም። እንዶድ እንኳ ይለግምበታል። ሲፈላ ደግሞ ድስቱን ከውስጥ ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል፤ በቢላ ካልፋቁት አይለቅም።

ልጄ ዓለምነሽ የተዳረችው እዚያው ከተማ፣ ለአናጢው ለደሴ ነው። በሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ገብስ ጭኜ ከደጋ ወርጄ ልጠይቃት ስሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት። ከቀሃ ወንዝ ትወጣለች። መውለጃዋ ተቃርቧል፤ ሆዷ ከፊቷ፣ እንስራው ከጀርባዋ። ዳገቱን በጎን በጎን ትረግጠዋለች። ዐምና አንድ ጽንስ ወርዶባታል። ቧንቧው ደግሞ ከደጃቸው ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ቦታ ነው።

«ምነው?» አልኳት እንስራውን እየተቀበልኩ።

«እማማ የቧንቧው ጾም ያስገድፋል ይላሉ፣ አባየ።»

እማማ የምትላቸው አማቷን፣ ወይዘሮ ጥሩነሽን ነው። ደግ ሴት ናቸው፤ ጾም ላይ ግን የሚመልሳቸው የለም። ገብቼ ጠየቅኳቸው። የጥልያን ሠራተኞች ብረቱን ሲያጋጥሙ መጋጠሚያውን ሞራ ሲቀቡት በዓይናቸው አይተዋል። አሁን ያ ሞራ ከውሃው ጋር እየመጣ ድስት ላይ ይጋግራል። ነጩ ቅርፊት እሱ ነው። በሁዳዴ፣ በእርጅናቸው፣ ሞራ ሊጠጡ ነው።

«ሞራ ቢሆን እኮ በእሳት ይቀልጥ ነበር» አልኳቸው።

«የጥልያን ሞራ ነዋ፣ አያ ታከለ።»

ለዚህ መልስ አለኝ የምትሉ ካላችሁ ሞክሩት። ጥልያንን እኔም አልወደውም፤ ወንድሜ ያኔ በእሱ ምክንያት ጫካ ገብቶ ነበር። የልጄን ወገብ ግን ለዚህ ጠብ አላዋጣም። በማግስቱ እንስራውን ይዤ ወንዝ ወረድኩ።

ወንድ እንስራ አያዝልም። በአህያ ይጭናል፣ በትከሻው ግንድ ይሸከማል፤ እንስራ አዝሎ የታየ ግን ወይ አብዷል ወይ ቤቱ ሴት አልቆበታል። ቀሃ ያገኘኋቸው ሴቶች መቅዳታቸውን ትተው ሳቁብኝ።

«አያ፣ ቀሚሱንስ ምነው ረሱት?» አለች አንዷ።

ልጄ እርጉዝ መሆኗን ነገርኳት። ሳቋን ትታ ገመዱን ደረቴ ላይ አጥብቃ አሰረችልኝ።

መመለሻዬን በቤተ ክርስቲያኑ በር አደረግሁት፤ ልክ ቅዳሴ ሲወጣ። የአጋጣሚ ነገር ነው ብል አትመኑኝ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ብቅ ሲሉ፣ ውሃ ጀርባዬ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ቆሜ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳኋቸው። ባልንጀሮቻቸው ይህ ሰውዬ የማን እንግዳ ነው ብለው ሲጠይቋቸው እየሰማሁ አለፍኩ።

ቤት ሲደርሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ቤቴን አዋረዱት።»

«ነገም እሄዳለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትወልድ።»

የንስሐ አባታቸው ይዳኙን አሉ። ቄሱ መጡ። ስለ ሞራው፣ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ እኔ እንስራ ሁሉንም ሰሙ። ጺማቸውን አሻሹና፣ «እኔስ ቧንቧው ከመጣ ጀምሮ የምጠጣው እሱን ነው» አሉ፤ ወለሉን እያዩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የንስሐ አባት ስለ መቀየር ሲያስቡ ፊታቸው ላይ አየሁት። ቢሆንም ቃሉን ተቀበሉ፤ የቧንቧው ውሃ ቤት ገባ።

አሸነፍኩ ብዬ ቁጭ አልኩ። በሁዳዴ የሚበላው ሽምብራና ባቄላ ነው። ሽምብራው በቧንቧው ውሃ ተጣደ። ቀን ሙሉ ተንተክትኮ ሲመሽ ያው ጠጠር ነው። እንጨቱ አለቀ፤ ሽምብራው ንክች አላለም። ወይዘሮ ጥሩነሽ አንዷን በጥርሳቸው ሞከሩና ሌላዋን ለእኔ ዘረጉልኝ። ከዚህ የከፋ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

እንግዲህ ለመጠጥ የቧንቧው፣ ለድስት የወንዙ ይሁን ተባለ። ዓለምነሽ እጇን ወደ እንስራው ሰደደች። ቀደምኳት። እንስራውን አንስቼ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ጥግ ይዞ እንጨት ሲልግ የቆየው አማቼ፣ ደሴ፣ እግር ሥር አስቀመጥኩት። ገመዱንም ጨመርኩለት።

«ሰው ያየኛል» አለ።

«አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ በር።»

ደሴ እናቱን አየ። እናቱ ሽምብራውን ከድስት እየለቀሙ ነበር።

«ሂድ አንተ» አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጎህ ሳይቀድ፣ በጓሮ በኩል ባለችው ቀጭን መንገድ እየወረደ ይቀዳ ጀመር። ዓለምነሽ ከፋሲካ በኋላ በሰላም ተገላገለች፤ ሸጋ ሴት ልጅ። ለክርስትናው ስመጣ ደሴን ለብቻው ይዤ፣ በዚያች መንገድ ያየህ ሰው አለ ወይ አልኩት። እያፈረ ነገረኝ። መንገዷ ሞልታለች አለ። የሰፈሩ ባሎች ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ እንስራ እንስራቸውን አዝለው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ሰላምታ ግን አይሰጣጡም።