በአንቱታ ማባረር

ሁለት ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ሁሉ ራሱን ዳኛ ያደርጋል። እመኑኝ፤ እኔ ሦስት ቀጥሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆኜ ነበር!

የዚህ ዓምድ ክፍያ ሆድ እንደማይሞላ ታውቃላችሁ። ስለዚህ እዚሁ አዳማ አንዲት አሳ ቤት ከፍቻለሁ። በወረቀት ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ቤቱን የሚያቆሙት ግን አዴ ጫልቱ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ወጥ ቤቱን የያዙ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት። የእሳቸውን አሳ ለብለብ የቀመሰ ሰው ከቆቃም ቢሆን ተመልሶ ይመጣል። ችግራቸው አንድ ብቻ ነው... አይዋሹም! ደንበኛ ሾርባ ሲያዝ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ይሉና፣ "ልጄ፣ ሾርባው የትናንት ነው፤ ይቅርብህ" ይላሉ።

እኔ ደግሞ ቱግ ባይ ነኝ። "ተባረዋል!" እላለሁ። አዎ፣ በአንቱታ! አስተዳደጌ ታላቄን አንቺ ብዬ እንዳባርር አይፈቅድልኝም። እሳቸውም በኦሮምኛቸው "ቶሌ"፣ እሺ እንደማለት፣ ይሉና ሽንኩርታቸውን መክተፍ ይቀጥላሉ። በሳምንት አንዴ እየተባረሩ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን።

በቀደም አንድ ዓርብ ግን ቤቱ ጢም ብሎ፣ ሙቀቱም አናት የሚበሳ ሆኖ፣ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሾርባ አዘዘ። አዴ ጫልቱ ብቅ አሉና ሁሉንም በአንድ ቃል ሾርባውን አስተዉአቸው። እኔም በእንግዳ ፊት፣ "ተባረዋል! አሁኑኑ!" ብዬ ጮህኩ።

"ቶሌ" አላሉም። ሽርጣቸውን ፈቱ፤ አጣጥፈው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

"ጓዳ ውስጥ ስትቆጣኝ ልጄ ነው ብዬ ዝም እላለሁ። በሰው ፊት ግን..."

አልጨረሱትም። ባጃጅ አስቁመው ሲገቡ ሳይ ደነገጥኩ። ያለ እሳቸው ምን ቀረኝ? ወንበርና ጨው!

"የስንብት ደብዳቤ ሰጠሃቸው?" አለኝ ጠበቃ ከድር። ዓርብ ዓርብ ለብለብ የሚበላ ደንበኛዬ ነው፤ ሹካ ጨብጦ ባዶ ሳህን ያያል።

"የምን ደብዳቤ?"

"ሰው በአፍ ይባረራል እንዴ? ምክንያትህስ ምንድነው?"

"እውነት ተናግረው..."

"ይሄን ዳኛ ፊት እንዳትደግመው! የሥራ ውልስ አላችሁ?"

"እኛ እኮ እንደ እናትና ልጅ ነን!"

"ለእናትህ ውል አያስፈልጋትም። ለወጥ ቤት ሠራተኛህ ያስፈልጋቸዋል። የዓመት ፈቃድ ወስደው ያውቃሉ?"

"ለበዓል እንዘጋለን..."

ሹካውን አስቀመጠ። "ሳታባርራቸው በፊት ብትጠይቀኝ ምክሩ ባንድ ሳህን አሳ ያልቅ ነበር። አሁን አንተ ተከሳሽ፣ እኔ ረሃብተኛ ሆንን!"

በማግስቱ እሱ ያረቀቀውን ውል ይዘን ቤታቸው ሄድን። ያዋረድኳቸው በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውንም ጎረቤቶቻቸው ባሉበት ጠየቅኩ። ከልቤ ነበር። እሳቸውም ከድርን "አንብብልኝ" አሉት። የዓመት ፈቃድ የሚለው ጋ ሲደርስ አስቆሙት።

"እስኪ ድገመው።"

"የዓመት ፈቃድ፣ ደመወዝ ሳይቋረጥ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄ ነበረኝ?"

"ነበረዎት።"

"ከመቼ ይጀምራል?"

"ከፈለጉ ከሰኞ" አለ ከሃዲው! ፈረሙ።

ከሰኞ ጀምሮ ሽርጡን የታጠቅኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ምሳ ሰዓት አዴ ጫልቱ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ዘንጠው መጡና ከከድር አጠገብ ተቀምጠው ለብለብ አዘዙ። በገዛ እጄ ሠርቼ አቀረብኩ። ሲጎርሱ ፊታቸውን ብቻ ነበር የማየው። ቀስ ብለው አላመጡ። በሌላ ጎናቸው የተቀመጠ እንግዳ ይህንኑ ለማዘዝ እጁን ሲያነሳ ወደ እሱ ዘወር አሉ።

"ልጄ፣ ይቅርብህ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ተባረሃል!"

"ቶሌ" አልኩና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።