በልብስ ቅርጫቱ ጉዳይ የተጠራ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ በወሩ ስምንተኛው ቀን
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20 (ጥሪው ለ3፡00 ነበር)
ቦታ፦ የአባባ ሳሎን

የተገኙ፦ አባባ (ታማሚና የቤቱ ባለቤት)፣ የመጀመሪያ ልጃቸው (ሰብሳቢ)፣ ሴት ልጃቸው፣ አባባን የምትንከባከበው ባለሙያ፣ እንዲሁም የሴት ልጃቸው ባል የሆንሁት እኔ፣ ድምፅ ስለሌለኝ ጸሐፊ የተደረግሁ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ወንበር ስላልበቃ ተንከባካቢዋ የተቆጠረችው ቆማ ነው።

አጀንዳ 1፦ የተንከባካቢዋ አቤቱታ

ተንከባካቢዋ ውሏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሥራዋ አባባን ማጠብ፣ መድኃኒታቸውን መስጠት፣ የእሳቸውን ምግብና ልብስ ማሰናዳት፣ በየቀኑም ግማሽ ሰዓት ከቤት አውጥታ ማራመድ መሆኑን አስረዳች። ባለፉት አሥራ ሁለት ቀናት ግን አራት መጋረጃ፣ የሦስት ሰው አንሶላና የመኪና ወንበር ልብስ ስታጥብ አባባ አንድም ቀን ደጅ አለመውጣታቸውን፣ ሐኪሙም «ያልተራመደ እግር መራመድ ይረሳል» ማለቱን አከለች።

ሰብሳቢው «እህቴ፣ የሚያጥበው ማሽኑ ነው፤ አንቺ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» አሉ። ተንከባካቢዋ «እንግዲያው ጋሼ፣ ጣትዎን ያውሱኛ» አለች። ሰብሳቢው ሥርዓት እንዲከበር አሳሰቡ።

ሴት ልጃቸው፣ ሰብሳቢው ከሚስታቸው ከተጣሉ ወዲህ ቆሻሻ ልብሳቸውን በሻንጣ እያጋዙ እንደሚያመጡ ጠቀሰች። ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገልጸው መጋረጃዎቹ የማን እንደሆኑ ጠየቁ። ሴት ልጃቸው ውይይቱ ወደ አጀንዳው እንዲመለስ ጠየቀች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ተንከባካቢዋ አባባ የለበሱትን ብቻ እንድታጥብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ «የለበሱት» የሚለው ቃል ማብራሪያ

ሰብሳቢው፣ የቤተሰቡ ልብስ በየተራ አምስት አምስት ደቂቃ አባባ ላይ ውሎ እንዲወልቅ ሐሳብ አቀረቡ። ሴት ልጃቸው «ቀሚሴስ?» አለች። ትከሻቸው ላይ ጣል ማድረግ በቂ ነው ተባለ። መጋረጃም በዚሁ ይስተናገዳል ተባለ። ተንከባካቢዋ ተቃወመች፤ ድምፅ እንደሌላት ተነገራት። «እሱንም ይጻፉልኝ» አለች፤ ተጽፏል።

አባባ ሐሳባቸውን ተጠይቀው «አታንዛዙት። የለበስኩት የእኔ ነው፤ ይኸው ነው» አሉ። ቃላቸው እንዳለ ተጽፎ በሦስት ድምፅ ጸደቀ። ሰብሳቢው «አባዬ ሁሌም አስተዋይ ነህ» ብለው አመሰገኑ፤ ለሙከራም ኮታቸውን አውልቀው አለበሷቸው።

አባባ ኮቱን ቆለፉ። ኪሱን ዳብሰው የመኪና ቁልፍ ካገኙ በኋላ ተንከባካቢዋን «በይ ልጄ፣ ከዘራዬን አቀብዪኝ» አሏት። ሰብሳቢው አምስቱ ደቂቃ ማለቁን አስታወሱ። አባባ «ምን አባክ ታስታውሰኛለህ? የለበስኩት የእኔ ነው። ተጽፏል፣ አልተጻፈም?» አሉ። ጸሐፊው መጻፉን አረጋገጠ። አባባና ተንከባካቢዋ 4፡20 ላይ ወጡ።

ሰብሳቢው በሸሚዝ ተከትለው ሄደው ብቻቸውን ተመለሱ። ኮታቸውን ቢጠይቁ የአባባ መልስ «መጀመሪያ የጻፋችሁትን ሻሩት» የሚል መሆኑንም ለጉባኤው አሰሙ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል፤ ውሉ እንደተጻፈ ይጸናል፤ የቅርጫቱም ልብስ ወደየባለቤቱ ይመለሳል። ውሳኔው በሁለት ድምፅ አልፏል።

ስብሰባው 5፡30 ላይ ተነሣ። አባባ እስከዚያ ሰዓት ከእግር ጉዟቸው አልተመለሱም።